ዩኒቨርሲቲውና የሐሙስ ገበያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ዐባይን ተሻግሮ ዘንዘልማን ካለፈ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ሐሙሲት ይደርሳል። ከተማይቱ በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ የምትገኝ ስትሆን ስሟን ያገኘችው ሐሙስ ሐሙስ ከሚቆመው ገበያዋ ነው። በስተሰሜን የጉማራ ወንዝና የፎገራ ሜዳ፣ በስተምዕራብ የጣና ጠረፍ ስላላት ለእህልም፣ ለሩዝም፣ ለከብትም መገናኛ ናት። ዘንዘልማ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ እንደመሆኑ መጠን፣ ነገሩን በካርታ ለሚመለከት ሰው ዩኒቨርሲቲውና ገበያው ጎረቤታሞች ናቸው። በዚህ ሐተታችን ልንመረምር ያሰብነው ይህ ጉርብትና በሥራ ምን ያህል እንደሚገለጥ ነው።

የከፍተኛ ትምህርት ዐዋጅ ቁጥር 1152/2011 ለዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከመመራመር ጋር ማኅበረሰብን የማገልገል ግዴታ ጥሎባቸዋል። ይህ ሦስተኛው ሥራ በዛሬው አነጋገር «የማኅበረሰብ ጉድኝት» ይባላል። ቃሉ መልካም ነው፤ ጉድኝት የሚኖረው ሁለት ወገን ሲኖር ነውና። ነገር ግን በአገራችን የዓመቱ ሪፖርት ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ተቆጥሮ የሚቀርበው የአንደኛው ወገን ሥራ ነው፤ ይኸውም ስንት ሥልጠና ተሰጠ፣ ስንት ሰው ተሳተፈ፣ ስንት የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ የሚለው ነው። የሠለጠነው ነጋዴ ከስድስት ወር በኋላ በሱቁ ውስጥ ምን እንደለወጠ ወይም ለምን ሳይለውጥ እንደቀረ የሚያስረዳ ዐምድ ግን እምብዛም አይገኝም። በእኛ አስተያየት አነስተኛ ንግድና ማኅበር ከዩኒቨርሲቲ ሊያገኙ የሚችሉት ከሁሉ የበለጠ እርዳታ፣ ዓመት ከዓመት እየተመላለሰ የሚቆጥርላቸውና የቆጠረውን በሚገባቸው ቋንቋ መልሶ የሚነግራቸው ወገን ነው። ገንዘብንና መሣሪያን ሌሎች ድርጅቶችም ይሰጣሉ፤ መቁጠርና መመርመር ግን የዩኒቨርሲቲ ሙያ ነው።

ይህንን ለማስረዳት በሩዝ እንጀምር። ፎገራ የሩዝ አገር ተብሎ ሲጠራ ለሚሰማ ሰው ሩዝ በዚያ ምድር ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ አይሞላውም። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እየረዱ ሩዝ በሁለት የገበሬዎች አምራች ማኅበራት ዘንድ ተዘራ። አንደኛው በፎገራ የነበረው የሻጋ ማኅበር ሲሆን ሁለተኛው በዚሁ በደራ ወረዳ የነበረው የጅግና ማኅበር ነው። ከዚያ ወዲህ በሜዳው ላይ የተስፋፋው ዝርያ እስከ ዛሬ «ኤክስ ጅግና» እየተባለ ይጠራል። ስሙ የተገኘው ከምርምር ጣቢያ ወይም ከአንድ ሊቅ ሳይሆን ከገበሬዎች ማኅበር መሆኑን ልብ ይሏል። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ የአምራቾች ማኅበራት በየስፍራው ሲበተኑ ዘሩ ግን በገበሬው እጅ ቀረ።

ቆይቶም የአዴት የእርሻ ምርምር ማእከል፣ ከእርሱም በኋላ በወረታ የተቋቋመው የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል፣ በምርት ብዛት ይበልጣሉ የተባሉ ሌሎች ዝርያዎችን እየፈተሹ አቀረቡ። የሆነ ሆኖ ብዙ ገበሬ ኤክስ ጅግናን በቀላሉ አልለቀቀም። ፍሬው ነጭ ነው፤ ከጤፍ ጋር ሲደባለቅ ለእንጀራ ይስማማል፤ ገበያተኛውም ነጩን ይመርጣል። ይህን አንዳንዶች አዲስ ነገርን እንደ መፍራት ቢቆጥሩትም እኛ በትክክል የተሠራ ሒሳብ ነው እንላለን። በሄክታር ብዙ ኩንታል የሚሰጥ ዝርያ በገበያ ቀን ዋጋ ካጣ ለባለቤቱ አልበለጠለትም። ይህን ለማወቅ እርሻውን ብቻ መመልከት አይበቃም፤ ሐሙስ ቀን ገበያ መውጣት ያስፈልጋል።

ከገበሬው ቀጥሎ ባለ መፈልፈያው አለ። ለምሳሌ ያህል ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የሩዝ መፈልፈያ ያቆመ ሰው እንውሰድ። የዚህ ሰው ዋና ጭንቀት ሩዙ መሰበሩ ነው፤ ሙሉው ፍሬ በደኅና ዋጋ ሲሸጥ ስብርባሪው በርካሽ ይሄዳልና። ከሕንድና ከፓኪስታን ተጭኖ የሚመጣው ሩዝ ደግሞ አጠገቡ ተደርድሮ ሙሉና አንድ ዐይነት ሆኖ ስለሚታይ፣ የአገሩ ሩዝ ጣዕሙ ሳይታወቅ በመልኩ ብቻ ይሸነፋል። ሩዝ የሚሰበርበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። ገበሬው በፀሐይ ከልክ በላይ ካደረቀው ወይም ደርቆ ሳለ ጤዛ መልሶ ካረጠበው ፍሬው በውስጡ ይሰነጠቃል፤ ሳይደርቅ ከመጣም ይደቅቃል። ለመፈልፈል ተስማሚ የሚባለው እርጥበት ከመቶ 14 አካባቢ ነው። ርዝመታቸው የተለያየ ዝርያዎች በአንድ ጆንያ ተደባልቀው ከመጡም መኪናው ለሁሉም እኩል ሊስተካከል አይችልም። መኪናው ራሱም ገለባውንና ብራኑን ባንድ ጊዜ ፍቆ የሚያወጣ አሮጌ ዐይነት ከሆነ፣ ገለባውን በጎማ ጥቅል ለይቶ ከሚያወጣው ይልቅ ብዙ ይሰብራል። ከዚህም ሌላ ካልተፈለፈለው ሩዝ ክብደት አንድ አምስተኛ ያህል የሚሆነው ገለባ አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ በግቢው ጥግ ተከምሮ የሚቃጠል ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ጥያቄውን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢመጣ በየትኛው በር ይግባ? ስለ ማድረቅና ስለ ዝርያ የሚያውቁት ዘንዘልማ ናቸው። ስለ መኪናውና ስለ ምግብ ምህንድስና የሚያውቁት በፖሊ ግቢ ናቸው። ዋጋውንና ብድሩን የሚያሰላለት የንግድና የኢኮኖሚ ትምህርት ክፍል ነው። እያንዳንዱ ክፍል በበኩሉ ጥሩ ጥናት ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን የባለ መፈልፈያው ጥያቄ አንድ ሲሆን ዕውቀቱ በሦስት ስፍራ ተከፋፍሏል። ዩኒቨርሲቲው የንግድ አሳብ የሚያበለጽግ ማእከል አለው፤ ይህም የሚመሰገን ነው። የእንዲህ ያለው ማእከል ልማድ ግን በየትም አገር ቢሆን አዲስ አሳብ ይዞ የሚመጣውን ወጣት መቀበል ነው። ዐሥር ዓመት የሠራና መኪናው ያረጀበት ሰው አዲስ አሳብ የለውም፤ ያለው አሮጌ ችግር ነው።

ከሩዙ ሜዳ ወደ ሐይቁ ብንወርድ ደግሞ ሳይቆጥሩ መርዳት ምን እንደሚያመጣ እናያለን። የጣና ዓሣ አጥማጅ ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሲሆን ከጠረፍ እምብዛም አይርቅም ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከኔዘርላንድ በመጣ የቤተ ክርስቲያን ወገኖች እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ዓሣ አጥማጆችም በማኅበር እየተደራጁ ዓሣቸውን ለሩቅ ገበያ ማቅረብ ጀመሩ። የረጂዎቹ አሳብ ቅን እንደነበረ ምንም ጥርጥር የለንም፤ ለማኅበሩም ገቢ አስገኝቷል። ነገር ግን በጣና ውስጥ ላቤዮባርበስ ተብለው የሚጠሩ ትልልቅ ዓሦች 15 ያህል ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለመራባት በክረምት እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው ባንድ ሌሊት ብዙ ያገኛል፤ የሚያገኘው ግን የሚመጣውን ዓመት ዓሣ ጭምር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተደረጉትን ቆጠራዎች ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የእነዚህ ዓሦች ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ጽፈዋል።

ይህንን ቁጥር ዛሬ በውጭ አገር የሳይንስ መጽሔቶች ገልጦ ማንበብ ይቻላል። በአማርኛ ተጽፎ፣ የየወንዙ አፍ በስሙ ተጠርቶና ወራቱ በእኛ አቆጣጠር ተጠቅሶ፣ መረብ ለሚጥለው ሰው በሚስማማ መልክ ማግኘት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ዓሣ አጥማጁ በራሱ ጀልባና በራሱ መረብ ላይ ተመሥርቶ የተገኘውን ዕውቀት የሚሰማው፣ ብዙ ጊዜ፣ ክልከላ ሆኖ በመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ መኖሩ የታወቀው እምቦጭ ተጨመረበት፤ ስለ እርሱ ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አንመለስበትም።

እርግጥ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ከአካባቢው ጋር እንዴት ይኑር የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በሶቭዬት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት መልሱ ግልጥ ይመስል ነበር። ከጣልያን በተገኘው የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ከተማ ሥራ ጀምሯል፤ ኢንስቲትዩቱም የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ፋብሪካው ሰው ይቀጥራል፤ ትምህርት ቤቱ ሰው ያወጣል። ኢንስቲትዩቱ ከመምህራን ትምህርት አካዳሚ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም ይህ አስተሳሰብ ብዙ አልተለወጠም። ባለሙያ ለመቅጠር አቅም ላለው ትልቅ ድርጅት መንገዱ አጭር ነው፤ ምሩቅ መቅጠር የማይችለው ባለ መፈልፈያ ግን በዚህ መንገድ አይደረስበትም።

በዚያው በ1955 ዓ.ም. መጨረሻ በሐረርጌ ሌላ ነገር ሆነ። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምሳሌ ሲቋቋም ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚደርሰውን የማስፋፋት ሥራ በአንድ እጅ እንዲይዝ ታስቦ ነበር፤ የማስፋፋቱ ሥራ ግን በዚያን ጊዜ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። ለአስተዳደር የተመቸ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። እኛ እንደምናስበው ግን በዚህ ምክንያት የገበሬው ጥያቄ ወደ ተመራማሪው የሚመለስበት መንገድ ረዝሟል፤ ዛሬም የግብርና ባለሙያው በየቀበሌው፣ ተመራማሪው በየግቢው ሆነው በደብዳቤ ይገናኛሉ።

በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደግሞ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ በጠቅላይ ግዛት እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። ተማሪዎቹ በአብዛኛው የተመደቡት በአስተማሪነት ነው። የዚህ አገልግሎት ጉድለት ተደጋግሞ ተነግሯል፤ አንድ ነገሩ ግን ሊዘነጋ አይገባውም። አንድ ዓመት የተቀመጠ ሰው ክረምቱንም በጋውንም ያያል፤ የመኸር ጊዜ ዋጋና የሐምሌ ዋጋ ስንት እንደሚራራቁ በራሱ ኪስ ያውቀዋል። የዛሬው የተማሪ ልምምድ ግን የሚመራው በትምህርት ካሌንደር ነው። ሩዝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲታጨድና ሲፈለፈል ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው።

ለትርፍ ስላልቆሙት ማኅበራት በአጭሩ እናንሣ። ዕድሩ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ፣ የልማት ማኅበሩ ከሁሉ በፊት የሚቸግራቸው የመዝገብና የሒሳብ ነገር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 985/2009 የማኅበሩ ሒሳብ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል፤ በ2001 የወጣውን ዐዋጅ የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ድርጅቶቹ ዓመታዊ ሪፖርት እንዲያቀርቡ ይጠይቃል። የሒሳብ ተማሪ መርማሪ ሆኖ ሊፈርም አይችልም፤ ቢሆንም ደረሰኙን በየወሩ አሰናድቶ፣ መዝገቡን አስተካክሎ መርማሪው ሲመጣ ዝግጁ ሊያደርገው ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ፤ የማኅበር መዝገብ የማኅበር ገመና ነው። በትንሽ ከተማ ውስጥ ማን ስንት እንደተበደረ ያወቀ ተማሪ አፉን መጠበቅ አለበት፤ ይህንንም ዲፓርትመንቱ በጽሑፍ ሊያስፈርመው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ መካከል የሕግ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ነፃ የሕግ ድጋፍ እንደ ምሳሌ ሊወሰድ የሚገባው ይመስለናል። ምክንያቱም እዚያ ባለ ጉዳዩ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ በስሙ ፋይል ይከፈትለታል፤ ፋይሉም ጉዳዩ እስኪያልቅ አይዘጋም። ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው። በሽተኛው ካርድ አለው፤ የዛሬው ሐኪም ቢቀየር የነገው ካርዱን አንብቦ ይቀጥላል። ንግድና ማኅበር ግን በዩኒቨርሲቲ ዘንድ ካርድ የላቸውም። ዘንድሮ የመጣው ተማሪ መጠይቁን ያስሞላል፤ የሚመጣው ዓመት ተማሪም ያንኑ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የትምህርት ደረጃውን እንደገና ይጠይቀዋል። ባለ ሱቁ በሦስተኛው ዓመት ገቢውን ቀንሶ ቢናገር ወይም «ዛሬ ሥራ ይዣለሁ» ብሎ ቢመልሰው አያስደንቅም። ከዚህ ጋር ጥናቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ተጠናቆም በቤተ መጻሕፍትና በኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ይቀመጣል። ስለ ሐሙሲት የተጻፈውን ከሐሙሲት ይልቅ በሎንዶን ያለ አንባቢ ቀድሞ ሊያየው ይችላል።

በዚህ ላይ ሦስት ዐይነት ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። የመጀመሪያው፣ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ቢሮም የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትም አይደለም፤ የእነርሱን ሥራ ከወሰደ የራሱን ይተዋል የሚለው ነው። ይህ እውነት አለው፤ ስለዚህም ነው ብድር ይስጥ፣ ማሽን ያድል ያላላነው። ሁለተኛው፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ከተመደቡት አንዱ ስለሆነ ጉልበቱን በታላላቅ ጥናቶች ላይ ያውል የሚለው ነው። በዚህ አንስማማም። የስንት መፈልፈያ ስብርባሪ ለስንት ዓመት በትክክል ተመዝግቦ ቢገኝ ለምግብ ምህንድስናም ለኢኮኖሚም ብርቅ የሆነ መረጃ ነው፤ በሦስት ቀን መጠይቅ ከሚሰበሰበው ይልቅ ይታመናል። ሦስተኛው የመምህራኑ ነው፤ እድገት የሚገኘው በዋናው በታተመ ጽሑፍ ሆኖ ሳለ ለአንድ ዕድር መዝገብ ሲያስተካክል የሚውል መምህር ምን ያገኛል ይላሉ። ይህ ከሁሉ የበረታ ተቃውሞ ነው። መልሱም ከመምህሩ ሳይሆን ከሴኔቱ የሚጠበቅ ነው፤ የአማርኛ ሪፖርት ተጽፎ በባለ ጉዳዩ ፊት መነበቡ ነጥብ ካልተሰጠው በቀር ማንንም በቅንነቱ ብቻ ለብዙ ዓመት ማሠራት አይቻልም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በተቃውሞ የማይመለስ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት መንገድ የሚያስዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ገበያም ይበተናል፤ ተማሪን በሚኒባስ ጭኖ ወደ ገጠር መላክ ኀላፊነቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ አሁን ይህን ያህል ተማሪ ይውጣ ብለን አንጽፍም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ የደራና የፎገራ ልጆች አሉት፤ ለዕረፍት ወደ ቤታቸው የሚሄዱ፣ ባለ መፈልፈያውን «ጋሼ» ብለው የሚጠሩ ናቸው። ጥያቄ በስልክ ሊቀበል የሚችል አንድ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጥና ጥያቄውን ወደ ዘንዘልማ ወይም ወደ ፖሊ ቢመራው፣ የተሰበረው ሩዝ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ቢላክለት፣ መንገድ ተዘግቶም ቢሆን ካርዱ ሊከፈት ይችላል። ነጋዴው በዚህ ጊዜ ከቀድሞው ይልቅ ተጨንቋል፤ ሸቀጡ በመንገድ ይቀራል፣ ብድሩ ግን ወለዱን ይቆጥራል። ሥልጠናው እስከ ሰላም ቀን ሊቆይ ይችል ይሆናል፤ የእርሱ ሒሳብ ግን አይቆይም።

የመጀመሪያው ካርድ ለአንድ ባለ መፈልፈያ ይከፈት ቢባል በላዩ የሚሰፍረው ጥያቄ ከወዲሁ የታወቀ ነው። ከመቶ ኪሎ ካልተፈለፈለ ሩዝ ስንት ኪሎ ሙሉ ፍሬ፣ ስንት ኪሎ ስብርባሪ፣ ስንት ኪሎ ገለባ ወጣ? ሩዙ ከማን ማሳ መጣ፣ ስንት ቀን ደረቀ፣ ሲፈለፈል እርጥበቱ ስንት ነበር? ይህንን ለመሙላት አንድ ሚዛን፣ አንድ የእርጥበት መለኪያና ከኅዳር እስከ ጥር መዝገቡን የሚይዝ አንድ የአገሩ ልጅ ይበቃል። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንደኛው ወደ ዘንዘልማ ይላክ፣ ሁለተኛው እዚያው ከመፈልፈያው ግድግዳ ላይ ይሰቀል።